የኮማቺ የግራ እግር

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ

ዛሬ የመካነ አራዊቱ የተግባር ምደባ ተነገረን። እኔና ሳዋኮ ኢሳጎ ቀጭኔዋ ጋ ነን። በአራዊት እንክብካቤ ትምህርቱ ሁለተኛ ዓመት ከገባሁ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፤ ስሜ ሲጠራ ግን ሆዴን ቆረጠኝ። ጠዋት ባቡር ጣቢያው ሱቅ የበላሁት የካሪ ወጥ ያለበት ዳቦ መሆን አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀጭኔያችን የኮማቺ የግራ የፊት ሰኮና አድጎ አድጎ ጫፉ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫማ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ስትራመድ በተረከዟ ነው የምታርፈው። ዲሴምበር ላይ በረዶ ሲጥል የቤቷ በር ይዘጋል፤ በረዶ ላይ ተንሸራታ የወደቀች ቀጭኔ አትነሳምና። ከዚያ እስከ ማርች ሲሚንቶ ላይ መቆም ነው። በዚህ ሰኮና እስከ ማርች ከቆመች መገጣጠሚያዋ ያልቃል አሉ መምህራችን ኩራሞቺ።

ስለዚህ በረዶው ሳይመጣ ሰኮናው መከርከም አለበት። አንዱ መንገድ በማደንዘዣ ማስተኛት ነው። ሌላው ደግሞ እሷ ራሷ ወዳና ፈቅዳ እግሯን እንጨት መርገጫው ላይ አውጥታ እንድታቆይልን ማለማመድ። ይሄኛው የእኛ ሥራ ነው፤ የዓመቱ የተግባር ፈተናችንም እሱ ነው።

“ቀጭኔ አትታዘዝም” አሉ መምህር። “ትስማማለች ወይም አትስማማም። እናንተ ትጠይቃላችሁ፣ እሷ ትመልሳለች።”

አንዳችን ከፊት ቆማ፣ ኮማቺ እግሯን ባወጣች ቅጽበት ፊሽካ ትነፋለች፣ ምግብ ትሰጣለች። ሌላችን እግሯ ጋ ታጎነብሳለች። “ረዥሟ እኔ ስለሆንኩ ከፊት እኔ ብሆን ይሻላል” አልኩ። ሳዋኮ ለአፍታ አየችኝና፣ “እሺ፣ እኔ ለመሬት ቅርብ ነኝ” ብላ ሳቀች። እውነትም አጭር ናት።


ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። የአጋዘኖቹን ገንዳ ገና አላጠብኩም።

ኮማቺ እግሯን አወጣች! ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ ያህል። ሳዋኮ በዱላዋ ጫፍ ጉልበቷን ነካ አድርጋ “እግር” አለቻት፣ ወጣ። እኔ ግን ፊሽካውን የነፋሁት ካወረደችው በኋላ ነው።

መምህር ከበሩ ላይ ሆነው፣ “ካናኤ፣ ይሄ ፊሽካ ለየትኛው ነው? ለትናንቱ ነው ለነገው?” አሉ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፊሽካው ከዘገየ እንስሳዋ የምትማረው እግር ማውጣትን ሳይሆን ማውረድን ነው። ይህን አንደኛ ዓመት ያለ ልጅም ያውቀዋል።

ዛሬም ሆዴ። ወተቱ ይሆናል።


ኦክቶበር 12፣ እሑድ

እረፍት ቢሆንም ቅርንጫፍ ቆረጣ ወጣን። ኮማቺ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ወንዙ ዳር የሚበቅለውን፣ ግራር የሚመስለውን እሾሃም ዛፍ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሳይረግፍ የቻልነውን ያህል ቆርጠን ማቀዝቀዣ ውስጥ ካላስቀመጥን ልምምዱ መሀል ላይ የምንሰጣት እናጣለን።

ዘንድሮ ድቦቹ ከተራራ ወርደው ከተማ ገብተዋል። ጠዋት ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ፣ ድብ ታይቷልና ልጆች ብቻቸውን እንዳይሄዱ ይላል። ስለዚህ ወገባችን ላይ ቃጭል አስረን ነው የሄድነው። ሳዋኮ ቃጭሉ አልበቃ ብሏት ጮክ ብላ ትዘፍናለች።

“ድቡ የሚሸሸው ሰው መጣ ብሎ አይደለም፣ ዜማሽ አስጠልቶት ነው” አልኳት።

“ዋናው መሸሹ ነው” አለች።

ድብ አትፈራም። ምንም ነገር አትፈራም። ለሷ ሁሉም ቀላል ነው።

ማታ አባባ ደወለ። የፖም ለቀማው እኩል ላይ ደርሷል፤ ወገቡን አሞታል፤ አንድ ሣጥን ልኮልኛል። “ለአንቺ ነው እንጂ ለቀጭኔዋ አይደለም” አለ። ሁለታችንም ለማን እንደሆነ እናውቃለን። ከዚያ ያችኑ የተለመደች ወሬ አመጣት፤ አክስቴ ያለችበት ሆስፒታል የነርስ ትምህርት ምዝገባ እስከ ጃንዋሪ ክፍት ነው።

“አባባ፣ ትምህርት ላይ ነኝ እኮ።”

“እሱማ ነሽ። እኔ ያልኩት በሩ ክፍት ነው ነው። በር ክፍት ነው ማለት ግቢ ማለት አይደለም።” ቀጥሎም፣ “ከዚያ ከኦገስቱ ነገር ወዲህ ግን ደህና ነሽ?” አለኝ።

ለእናቴ ነበር የነገርኩት። ረስቼዋለሁ አልኩት። እውነቴን ነው፣ የሚረሳ ነገር ነው። ነጎድጓድ ነበር፤ እግሯ አጠገብ ጎንበስ ብዬ ድርቆሽ እጠርጋለሁ፤ ኮማቺ ደንግጣ የግራ እግሯን ወረወረች፤ የፍርግርጉ ብረት ከጆሮዬ አጠገብ ጎበጠ። ይኸው ነው። ብረቱ እንደ ደወል ቆይቶ ቆይቶ ነው ዝም ያለው። ማታ ፀጉሬን ስታጠብ የተላጠ አረንጓዴ ቀለም በውኃው ወረደ፤ ከቀለሙ ጋር ትንሽ ዝገትም ነበረበት። ሌላ ምንም የለም። ጉብጠቱ የፊት በሩ ጋ አሁንም አለ ይላሉ። እኔ ካየሁት ቆይቻለሁ፤ በጓሮ በር ነው የምገባው፣ ለባልዲዎቹ ስለሚቀርብ።


ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

ሆዴ። የካፍቴሪያው ሩዝ ቀዝቅዞ ነበር።

ባልዲ ሳጥብ ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ተንከባካቢዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

“ረዥሟ ልጅ እኮ እግር አጠገብ ስትደርስ ትንፋሿ ቀጥ ይላል።”

“እንስሳ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰማው እሱን ነው።”

ዝሆኖቹ ጋ የተመደበች አንዲት ረዥም የአንደኛ ዓመት ተማሪ አለች። ስለሷ መሆን አለበት። ታሳዝናለች፤ አንድ ሰው ቢነግራት ጥሩ ነበር።


ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

መምህር ዛሬ፣ “ተቀያየሩ። ሁለታችሁም ሁለቱንም ቦታ ልትለምዱት ይገባል” አሉ።

ጓንቴን ሳጠብቅ ጣቴ ላይ ያለው ጭረት ታየኝ፤ ትናንት በቅርንጫፍ የተጫረው ነው። ቁስል ይዞ እግር አጠገብ መሄድ ንጽሕና አይደለም፤ እሱን ልናገር አፌን ስከፍት ሳዋኮ ቀደመችኝ።

“መምህር፣ ዛሬ እኔ ልቀጥል። አሁን ገና ነው የለመደችኝ፤ መሀል ላይ ከቀየርን ይበላሽባታል።”

መምህር ሁለታችንንም አዩን። “ዛሬ ብቻ” አሉ።

እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ። ሁሌም እሷ ናት። እግሩ ጋ እሷ፣ የምትመሰገነው እሷ፣ መምህር የሚተማመኑባት እሷ። እኔ ፖም ቆራጭ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እኩል ይካፈል ነበር።


ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ኒታ መጥታ ሰኮናውን አየችው። ወጣት ናት፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው። ኖቬምበር እስኪያልቅ እንደምትጠብቀን፣ ካልሆነ ግን ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ እንደምታስተኛት ነገረችን።

“ማስተኛቱ ምን ያህል ያሰጋል?” አለች ሳዋኮ።

ዶክተር ኒታ ወደ መምህር አየች። መምህር፣ “ንገሪያቸው” ብለው ወጡ።

ከኮማቺ በፊት ታካኦ የሚባል ወንድ ቀጭኔ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ጥርሱን ሊያክሙት አስተኙት። ቀጭኔ ስትተኛ አንገቷ ከታጠፈ ወይም ጭንቅላቷ ከሆዷ ዝቅ ካለ ትታነቃለች። መምህር ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ደግፈው ይዘውት ነበር። አልነቃም።

“የማንም ጥፋት አይደለም” አለች ዶክተር ኒታ። “አንዳንዴ እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው እናንተ ብትችሉ የምመርጠው።”

እናንተ ብትችሉ። ይቺ ቃል ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ተጣብቃ ዋለች።


ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

ሳዋኮ ዛሬ ሞረዱን ሰኮናው ላይ አሳረፈች። ሁለት ጊዜ ፈቀፈቀችው። ኮማቺ አንገቷን ወደ ታች ጎንበስ አድርጋ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ፖሟ ተመለሰች። እኔም ፊሽካውን በሰዓቱ ነፋሁ። መምህር ሳዋኮን በቤተሰብ ስሟ ጠርተው፣ “ኢሳጎ፣ ጎበዝ” አሉ። ለእኔ አገጫቸውን ነቀነቁ።

በመንገድ ላይ ሳዋኮ፣ “በሚቀጥለው ሳምንት አንቺም ትሞክሪዋለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ” አለችኝ።

“ጉዳይ የለም፣ ዝግጁ ነኝ” አልኩ። ነኝ እኮ።


ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ሳዋኮ ወደቀች። ከብስክሌት። ቁልቁለቱ ላይ፣ ዝናብ ያራሰው የረገፈ ቅጠል ላይ ተንሸራታ። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል፣ ክንዷም። ሆስፒታል ናት፣ ደህና ናት አሉ።

ልምምዱ ተሰረዘ። ኮማቺ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሳዋኮ አልነበረም። ይህን መጻፍ አልፈልግም።


ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

መምህር ቢሮ ጠሩኝ። ኬሮሲን ምድጃው በርቶ፣ ሻይ ቀድተውልኝ። ሻይ ሲቀዱ ነገር አለ ማለት ነው።

“ኮማቺ የለመደችው ሁለታችሁን ነው። አሁን አዲስ ሰው ላስገባ ብል እስከ በረዶው አይደርስም። ከፊት እኔ እቆማለሁ። እግሩ ጋ አንቺ። ትችያለሽ?”

“እችላለሁ።”

“ካናኤ፣ አስበሽ መልሺ።”

“አስቤያለሁ። እችላለሁ።”

ሻዩን ትኩሱን ጠጣሁት፣ ምላሴ ተቃጠለ።


ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

እግሯ አልወጣም። “እግር” አልኳት፣ ዱላውን አሳረፍኩ፣ ኮማቺ ወደ ኋላ ሄደች። እንደገና። ወደ ኋላ። ሳዋኮን ናፍቃ ነው። እንስሳ ሰው ሲጠፋበት እንዲህ ያደርጋል።


ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጭራሽ ወደ መርገጫው አልቀረበችም። ግድግዳው ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችኝ። መምህር ከፊት ቆመው የፖም ቁራሽ በእጃቸው ይዘው እኔን ነበር የሚያዩት፣ እሷን አይደለም።

“በቃ” አሉ።  ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

ከኋላዬ ከተንከባካቢዎቹ አንዱ፣ “ቀኑ እየሄደ ነው” ሲል ሰማሁ። አውቃለሁ። ጠዋት ስነሳ የማየው ተራራውን ነው፤ ጫፉ ነጭ ሆኗል።


ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ሆስፒታል ሄድኩ። ሳዋኮ ትከሻዋ ታስሮ አልጋው ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ መንደሪን ልትልጥ ትታገላለች። ወስጄ ልጥኩላት።

“ኮማቺስ?” አለች ገና ሳልቀመጥ።

“አንቺን ናፍቃለች። እግሯን እምቢ አለችን።”

“እኔን አልናፈቀችም።”

“አንቺ እንዴት ታውቂያለሽ? እዚህ ተኝተሽ?”

መንደሪኗን ቀስ ብላ አላመጠች። “ካናኤ፣ እግሯ ጋ ስታጎነብሺ ትተነፍሻለሽ?”

ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው አልኩ። ሰው ሁሉ ይተነፍሳል።

“አንቺ አትተነፍሺም። ከኦገስት ጀምሮ። ትከሻሽ ጆሮሽ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ጸጥ። ኮማቺ ደግሞ ሰው ጸጥ ሲል፣ ምን መጣ ብላ ዙሪያዋን ታያለች። አንቺ ነሽ የምታስደነግጫት።”

“እኔ አልፈራም።”

“ታዲያ እግሩን ሁልጊዜ ለምን የምሻማ ይመስልሻል? ማጎንበስ ወድጄ ነው? ወገቤ ሊቆረጥ ነበር እኮ!” ሳቀች፣ ከዚያ አጥንቷ አሟት ፊቷን አጨማደደች።

እኔ አልሳቅሁም። ረዥሟ ልጅ ያሏት የዝሆኖቹ ተማሪ እንዳልሆነች ያኔ ገባኝ፤ ምናልባት በፊትም ገብቶኝ ነበር። ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው። አውቀው ሲያሳልፉኝ ነበር።

“ስለዚህ ስታዝኚልኝ ነው የከረምሽው” አልኳት።

“አላዘንኩልሽም፣ ጓደኛሽ ነኝ።”

“ጓደኛ ቢሆን ይነግራል።”

 የቀረውን መንደሪን አስቀምጣ፣ “እሱስ እውነትሽን ነው” አለች። “ፈርቼ ነው።”

“አንቺ? ምኑን?”

“ብነግርሽ ሁሉን ነገር ጥለሽ አባትሽ ጋ ትሄጃለሽ ብዬ። የነርስነቱን ምዝገባ ነግረሽኛል።”

ሳልሰናበታት ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ በንዴት ስቃጠል ሄድኩ፤ የመንደሪኑ ልጣጭ እጄ ላይ ነበር።


ኖቬምበር 10፣ ሰኞ

ዛሬ ልምምድ የለም። ካሪ ዳቦ በላሁ፣ ወተት ጠጣሁበት፣ ካፍቴሪያው ቀዝቃዛውን ሩዝ ሰጠኝ፣ እሱንም በላሁ። ሆዴ ሰላም ነው። ከዚያ ነገ ማክሰኞ ነው ብዬ ሳስብ ጀመረኝ።

ዳቦው ምንም አላደረገኝም። ምስኪን ዳቦ።


ኖቬምበር 11፣ ማክሰኞ

መምህር የፍግ ጋሪ እየገፉ ነበር። እየተከተልኩ፣ “መምህር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት እፈልጋለሁ” አልኩ። አላቆሙም። “ኮማቺን እፈራታለሁ። እግሯን።”

ያኔ ጋሪውን አስቀመጡት። “ከመቼ ጀምሮ?”

“ከኦገስት።”

“እኔ ከስድስት ዓመት ጀምሮ” አሉ።

 ከሩቅ ዝሆኗ ቧንቧ ታንኳኳለች።

“የማይፈራ ሰው እዚያ ቤት አላስገባም” አሉ መምህር። “ፈርቶ አልፈራሁም የሚለው ነው አደገኛው፤ እሱ ራሱንም ሌላውንም ያስገድላል። ያን ቀን ‘እችላለሁ’ ስትዪኝ እዚያው ልመልስሽ ነበር። ዛሬ ወይ ነገ ራሷ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ዘገየሽ።”

“ይቅርታ መምህር።”

“ይቅርታውን ተዪውና ነይ፣ የት እንደሚቆም ላሳይሽ። ኢሳጎ አጭር ናት፤ እሷ የምትቆምበት ቦታ ለአንቺ አይሆንም። ይህን እኔም ቀድሜ ማየት ነበረብኝ።”

ኮማቺ ደጅ ስለነበረች ቤቱ ባዶ ነው። በፊት በኩል ገባን። ጉብጠቱን አየሁት፤ በሐሳቤ ከያዝኩት ያነሰ ነው፤ ሆኖም ያው ጉብጠት ነው። መምህር ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመሩልኝ። እግሩ ሲወረወር እስከ የት እንደሚደርስ፣ በየት በኩል እንደማይዞር። ከትከሻዋ ሥር፣ ወደ ጎን፣ አንድ ጉልበት መሬት ነክቶ።

“እዚህ ቦታ ላይ ትፈሪያለሽ እንጂ አትመቺም” አሉ። “ደግሞ አውሪ። የሚያወራ ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም።”

“ምን ላውራ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? ቀጭኔዋ አትመርጥም።”


ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ

አወራሁ። ስለ አባባ ወገብ፣ ስለ ፖሙ ዋጋ፣ ሳዋኮን ስለማኩረፌ፣ ጫማዬ ውኃ ስለማስገባቱ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። ኮማቺ እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ ሌላኛውን። “እግር” አልኳት በወሬው መሀል።

ወጣ። መርገጫው ላይ ጧ አለ። ልቤም አብሮ። መምህር ፊሽካውን ነፉ።

ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ አራተኛውን መምህር ከለከሉ። “እንደጣፈጣት ይቅር” አሉ።

ወጥቼ ከጓሮው ተቀምጬ የተረፈውን ፖም በላሁ።  


ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ሳዋኮ በስልክ ጻፈችልኝ፤ “አሁንም ተቆጥተሻል?”

“አዎ።”

“እስከ መቼ?”

“እስከ ማክሰኞ።”

“እሺ። ማክሰኞ መንደሪን ይዘሽ ነይ።”


ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ሞረዱን አስለመድኳት። የሰኮና መቁረጫውን አሳየኋት፣ አሸተተችው፣ ላሰችው፣ ምራቋን ክርኔ ላይ አፈሰሰችው። ዶክተር ኒታ ቅዳሜ ይሁን አለች። የመካነ አራዊቱ ዳይሬክተርም ሊያዩ ይመጣሉ። ዳይሬክተሩ ለምን? ፈተና ስለሆነ ነው አሉ።

ዛሬ ተራራው ግማሹ ድረስ ነጭ ነው።


ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

ሰው በዛ። ዳይሬክተሩ፣ ሁለት መምህራን፣ ከመስኮቱ ኋላ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሙሉ። ዶክተር ኒታ ከፍርግርጉ ውጭ በደረቷ ተኝታ፣ ከታች ባለው ክፍተት መቁረጫውን አስገባች። እኔ ከኮማቺ ትከሻ ሥር። አወራሁ። እግሩ ወጣ። መቁረጫው አንዴ ነከሰ፤ ቀጭ።

ኮማቺ እግሯን መንጭቃ ወረወረችው። ብረቱ ጮኸ። ያው የኦገስቱ ድምፅ። በመቀመጫዬ ወደቅሁ፤ አልነካችኝም፤ የቆምኩት መምህር ያሰመሩልኝ ቦታ ላይ ነበር። ከመስኮቱ ኋላ አንዷ ጮኸች።

 ዳይሬክተሩ፣ “ምንም አልሆነም። ጫፉ ብቻ ነው፣ አንድ ጊዜ ነው የሚፈጀው። ቀጥሉ” አሉ።

ዶክተር ኒታ እኔን አየች። መምህር እኔን አዩ። ኮማቺ ፖሙን ትታዋለች፤ ትከሻዋ ላይ ቆዳዋ ዝንብ እንዳረፈበት ይንቀጠቀጣል፤ ዝንብ ግን የለም። ብጠይቃት ምናልባት ታወጣልኝ ነበር። እሱ ነው የከፋው። እየፈራች ታወጣልኝ ነበር።

“ዛሬ በቃ” አልኩ።

“ምን አልሽ?” አሉ ዳይሬክተሩ።

“ዛሬ አይቀጥልም። እሷም ፈርታለች፣ እኔም ፈርቻለሁ።”

ድምፄ ቤቱን ሞላው፤ ያን ያህል ጮክ ብዬ ልናገር አላሰብኩም ነበር። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። “እንግዲያው ማደንዘዣው ለዲሴምበር ሁለት ይዘጋጅ” ብለው ወጡ።

 መምህር ኮማቺን በፖም ወደ ኋላ መልሰው መብራቱን አጠፉ።


ኖቬምበር 23፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ አልተነሳሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የቀረው። አንድ “እግር” ማለት። ለማን ብዬ ነው ያቆምኩት? ለእሷ ነው ወይስ ለራሴ? እያልኩ አገላብጠዋለሁ፤ መልሱ አይመጣም። ዲሴምበር ሁለት ቀን አስተኝተዋት ካልነቃች፣ ጭንቅላቷን ደግፈው የሚይዙት ያው መምህር ናቸው።

ሳዋኮ ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት። ስታዳምጠኝ ቆየችና፣ “እኔ ብሆን አላቆምም ነበር” አለች።

“አውቃለሁ።”

“የምልሽ ልክ እንዳልሆንሽ አይደለም። እኔ አላቆምም ነበር፣ እሷም ሁለተኛ አታምነኝም ነበር ነው የምልሽ።”

አላጽናናኝም። ስልኩን ግን አልዘጋሁም።


ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ሁሉንም በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ጠዋት ስገባ ዶክተር ኒታ ቀድማኝ ደርሳለች። ማንም አልጠራትም። “ሥራዬ የሚጀምረው ከሰዓት ነው፣ እስከዚያ ሥራ ፈት ነኝ” አለች፤ እሷ ሥራ ፈትታ አታውቅም። መምህር የአባባን ፖም በባልዲ ይዘው መጡ። ሌላ ማንም የለም። መስኮቱን በጨርቅ ሸፍነውታል።

ኮማቺ ወደ መርገጫው ትመጣ አትመጣ አላውቅም ነበር። ጠመኔው ላይ ተንበርክኬ ማውራት ጀመርኩ። ቅዳሜ ዕለት ስለሆነው አወራኋት፤ ደንግጠሽ ነበር፣ እኔም ደንግጬ ነበር፣ ዳይሬክተሩ ተቆጥተዋል፣ ተዪያቸው አልኳት። ዶክተር ኒታ ሳቋን ዋጠች። ኮማቺ ግድግዳው ጋ ቆማ ቆየች። ጆሮዋን አዞረች። መጣች።

“እግር” አልኩ።

እግሯን አነሳችና አየር ላይ ያዘችው። ያንን ለመጻፍ ቃል የለኝም። ከአናቴ በላይ ያ ሁሉ ክብደት፣ መጠየቄን እያሰበበት። ከዚያ ቀስ ብላ እንጨቱ ላይ አሳረፈችው።

መቁረጫው ነከሰ። ቀጭ። መምህር ነፉ፣ ፖም ሰጡ። ቆመች። ቀጭ። ፊሽካ፣ ፖም። አንድ ጊዜ ስታወርደው ተውናት፤ ራሷ መለሰችው። እጄ ከጉልበቷ በላይ ነበር፤ ሞቃት ነው፤ የደም ሥሯ ሲመታ ይሰማኛል። ምን እንዳወራሁ አላስታውስም፤ ዶክተር ኒታ ግን የአክስቴን የጋብቻ ታሪክ በሙሉ አሁን እንደምታውቀው ነገረችኝ።

ትልቁ ቁራጭ ወለሉ ላይ ወደቀ። መዳፍ የሚያክል፣ ግራጫ፣ እንደ ደረቀ የዛፍ ቅርፊት። ከዚያ ሞረድ። ባልዲው ሲያልቅ መምህር ለምሳ የያዙትን ስኳር ድንች ከኪሳቸው አውጥተው ቆርሰው ሰጧት።

ኮማቺ እግሯን አወረደች። መሬቱን ሙሉ በሙሉ ረገጠችው።

ዶክተር ኒታ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለዳይሬክተሩ ደወለች። “ማደንዘዣው አያስፈልግም” ስትል መምህር ባዶውን ባልዲ ይዘው ወጡ። ቆይቼ ባልዲውን ልቀበላቸው ብወጣ፣ ከግድግዳው ጥግ ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል፤ ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል። ሳላስታውቅ ተመለስኩ።


ኖቬምበር 30፣ እሑድ

የአየር ትንበያው ዛሬ ማታ በረዶ ይላል። ነገ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ዛሬ ኮማቺ ደጅ የምትወጣበት የመጨረሻ ቀን ነው።

ሳዋኮ ትከሻዋን እንዳሰረች በአውቶቡስ መጣች። እናቷ እንዳትሄድ ከልክለዋት ነበር፤ ዳቦ ልገዛ ነው ብላ ነው የወጣችው። አጥሩ ጋ ቆምን። ሰማዩ እርሳስ መስሏል፣ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። መምህር በሩን ከፈቱት።

ኮማቺ ደፉ ላይ ቆመች። ግራ እግሯን አወጣች፣ አፈሩን ረገጠች፣ ቆመች። ቀኙን። አጥሩን ተከትላ እስከ ዛፉ ሄደች። እዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ንፋሱን አሸተተች።

ከዚያ ሮጠች።

እዚህ ቦታ ከመጣሁ ጀምሮ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ቀጭኔ ስትሮጥ የቸኮለች አትመስልም፤ እግሮቿ ቀስ ብለው የሚሄዱ ይመስላሉ፣ ምድሩ ግን ከሥሯ ያልቃል። በፊታችን ስታልፍ የአፈሩ ድምፅ በጫማዬ በኩል ወደ እግሬ ወጣ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ ፈርቼ። ከዚያ ተመልሼ ቆምኩ። ሳዋኮ በደህናው እጇ እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛለች።

“አየሻት?” ትላለች። “አየሻት? አየሻት?”

“ዓይን አለኝ እኮ” አልኳት፤ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

መምህር አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀብረው፣ “ጥሯት፣ ብርዱ በረታ” አሉ።

ፊሽካውን ነፋሁ። በሰዓቱ ነበር፣ ባልዲውንም አነሳሁላት። ኮማቺ አየችኝ፣ ሰምታለች፣ ፖም አለ፣ ነይ ግቢ እንደምላት ታውቃለች። ፊቷን አዞረችና እንደገና አጥሩን ይዛ ሮጠች።

መምህር ሁለተኛ ጥሯት አላሉም።